ያበጠ ልጅ የፋፋ ልጅ አይደለም
በሕፃናት ላይ የሚታዩ የከፍተኛ ምግብ እጥረት ምልክቶች፤ ለቡሌ ወረዳ ሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር



ጠዋት ስለ ገብስና ባቄላ የሰብል ፈረቃ ተነጋግረናል። ከምሳ በፊት በቀረችው ሰዓት ስለ ልጆቻችን እንነጋገራለን። «ግብርና ስለ ሕፃን ጤና ምን አገባው? ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ለብዙ ዓመታት የማስበው እንደዚያ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ቤት ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሞዴል አርሶ አደር ምርጫ ግምገማ ስናካሂድ ቅጽ ይዤ ከአንድ ግቢ ገባሁ። እንሰቱ ቤቱን ከቦታል፤ አጠውልግ የነካው አንድም ተክል የለም። ባቄላው በመስመር የተዘራ፣ አረሙ በጊዜ የወጣለት ነው። ሁለት የወተት ላሞች አሉ፤ የቤቱ ቆርቆሮ አዲስ ነው። ነጥቡን ሞልቼ ሰጠሁ። ከደጃፉ ላይ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነው ወንድ ልጅ ተቀምጧል። ጉንጩ ሞልቷል፣ እግሩ ወፍሯል። «ይሄማ ፋፍቷል!» ብዬ ጉንጩን ነካ አድርጌው አለፍኩ። ልጁ አልሳቀም፤ አላለቀሰምም፤ እንግዳ ፈርቶ ወደ እናቱ አልሮጠም። እናቱ ታናሹን ታቅፋ ታጠባለች። ይህን ሁሉ ዓይኔ አይቷል፤ ያስተዋልኩት ግን በኋላ ነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ልጁ ሆስፒታል ገባ ተባለ። እኔ የወፈረ ያልኩት እግር ውኃ ይዞ ያበጠ እግር ነበር። ልጁ ድኗል፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል። አባትየው ግን ሊጠይቁት የሄድኩ ዕለት ያሉኝን አልረሳውም። ቁጣ አልነበረባቸውም። «እርስዎም እኮ ፋፍቷል ብለውን ነበር» ነው ያሉኝ። እኔ በግብርና ዲግሪ አለኝ። የባቄላ ቅጠል ላይ ያለ ትንሽ ነጠብጣብ ከመንገድ ሆኜ እለያለሁ። የሰውን ልጅ ግን ከአንድ ክንድ ርቀት ቆሜ ማንበብ አቃተኝ።

ስለዚህ ዛሬ የማወራው እኔ ራሴ የሳትኩትን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ችግሩ ምንነት በምታውቁት ነገር ላስረዳ። ገብስ ከአፈሩ በቂ ናይትሮጅን ሲያጣ ቢጫ የሚሆነው የትኛው ቅጠል ነው? የታችኛው፣ አሮጌው ነው። ተክሉ ለአዲሱ ቅጠል የሚሆን ናይትሮጅን ሲቸግረው ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ወደ ላይ ይወስዳል። የሕፃን አካልም ይህን የመሰለ ነገር ያደርጋል። ኃይል ሰጪና ገንቢ ምግብ ሲያጣ ልብና አእምሮ እንዳይቆሙ ብሎ ከጡንቻው፣ ከቆዳው፣ ከፀጉሩ መውሰድ ይጀምራል። ገንቢ የምንለው ፕሮቲን ራሱ ናይትሮጅን ያለበት ነገር ነው፤ ስለዚህ ምሳሌው ከጨዋታነት ያለፈ ነው። ልዩነቱ፣ ገብሱ ማዳበሪያ ቢዘገይበት የምታጡት ኩንታል ነው።

ይህ እጥረት በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ልጁ ከስቶ አጥንቱ ይቆጠራል። ሐኪሞች ማራስመስ ይሉታል። የጎድን አጥንቱ ይታያል፣ ትከሻውና ክንዱ ሥጋ የላቸውም፣ ከመቀመጫው ላይ ቆዳው ሰፊ ሱሪ እንደለበሰ ሰው ተጣጥፎ ይንጠለጠላል፣ ፊቱ የሽማግሌ ፊት ይመስላል። በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ ጋር በነበረው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሎ በገደብና በሌሎች የዞናችን ወረዳዎች በተጠለለ ጊዜ ብዙዎቻችን እንዲህ ያሉ ሕፃናትን አይተናል። ያ ጊዜ አንድ የተሳሳተ ትምህርትም ትቶልን ሄዷል። የምግብ እጥረት ማለት የተፈናቃይ፣ የድርቅ፣ የሩቅ አገር ነገር ነው ብለን አሰብን። እንሰት ያለው ቤት ይራባል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሁለተኛው መልክ ግን እንሰት ባለበት ቤት ይገባል። ስሙ ክዋሺኦርኮር ነው። ቃሉ ከጋና ነው፤ ሲስሊ ዊሊያምስ የምትባል ሐኪም እዚያ ስትሠራ በሽታውን በ1933 (እ.ኤ.አ.) ገለጸችው፣ በ1935 ደግሞ የአገሬው ሰዎች በሚጠሩበት ስም ጻፈችው። ትርጉሙ ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው ሕመም እንደ ማለት ነው። የጋና እናቶች ሐኪሟ ከመምጣቷ በፊት ነገሩን አይተው ስም አውጥተውለታል። እኔ ያየሁት ልጅ የነበረበት ሁኔታ ይኸው ነው። እናቱ ስታረግዝ ጡት ተወ፤ ታናሹ ተወለደ፤ እሱ ከትልልቆቹ ጋር ቆጮ ላይ ተቀመጠ።

ስለ ቆጮ ስናገር እንዳትቀየሙኝ። እኔም ያደግኩት በቆጮ ነው፤ እንሰት ከብዙ ክፉ ቀን ያወጣን ተክል ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የእንሰቱ፣ የቡናውና የዛፉ አብሮ መኖር ዋናው ምክንያት ነበር። ነገር ግን ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ አይገነባም። ከ100 ግራም ቆጮ ውስጥ ፕሮቲኑ ከ2 ግራም አይበልጥም፤ ቡላ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የደረቀ ባቄላ በ100 ግራም 25 ግራም ያህል አለው፤ ሲቀቀል ውኃ ስለሚጠጣ ወደ 8 ግራም ይወርዳል፣ ቢሆንም ከቆጮው ብዙ ይበልጣል። ትልቅ ሰው ቆጮውን ከጎመን፣ ከአይብ፣ ከባቄላ ጋር ይበላል፤ ሆዱም ሰፊ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ሆድ የራሱን ጭብጥ ያህል ነው። በቆጮ ሲሞላ ይጠግባል፤ ማልቀሱን ያቆማል፤ አካሉ ግን የሚሠራበት ነገር አላገኘም። በደቡቡ የአገራችን ክፍል «አረንጓዴ ረሃብ» የሚባል አነጋገር አለ። ለዝናብ እጦት ሳይሆን ለእንዲህ ያለው ነው የሚስማማው፤ ግቢው ለምልሞ ልጁ ይጠወልጋል።

በነገራችን ላይ የዛሬ ሐኪሞች ክዋሺኦርኮር የሚመጣው በፕሮቲን እጦት ብቻ ነው አይሉም። ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ኩፍኝ፣ የሆድ ትላትል፣ የሌሎች ንጥረ ነገሮች እጥረትም አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ ንጹሕ ውኃ፣ መፀዳጃ ቤትና ክትባት ከዚሁ ጉዳይ የተለዩ አይደሉም። ስለ እነሱ ግን ብዙ ጊዜ ስለሰማችሁ አልፋቸዋለሁ።

አሁን ወደ ምልክቶቹ ልግባ። ከሁሉ በፊት እግሩን እዩ። ልጁን አስቀምጡት፤ የሁለቱንም እግሮች የላይኛውን ገጽ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑ፤ ቀስ ብላችሁ እስከ ሦስት ሰከንድ ቁጠሩና ጣታችሁን አንሡ። ጤነኛ እግር ወዲያው ይመለሳል። ውኃ የያዘ እግር ላይ የጣታችሁ ጉድጓድ ይቀራል፤ በእጅ የተጫኑት ሊጥ እንደማለት ነው። ሁለቱም እግሮች ላይ ጉድጓድ ከቀረ ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ያን ዕለት ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ የገበያ ቀን እስኪደርስ አይጠበቅም። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ቁስል፣ ውልቃት፣ የነከሰው ነገር። እሱም ቢሆን ይታይ። እብጠቱ ከእግር ጀምሮ ወደ ቅልጥም፣ ወደ እጅ፣ በመጨረሻም ወደ ፊትና ወደ ዓይን ቆብ ይወጣል። እኔ ያየሁት ሙሉ ጉንጭ የመጨረሻው ደረጃ ነበር።

እዚህ ላይ ሚዛንን አትመኑ። ያበጠ ልጅ ውኃው ስለሚመዝን ኪሎው ያልቀነሰ ይመስላል፤ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ከብት ነጋዴ ውኃ ጠጥቶ የመጣን በሬ በሆዱ አይገዛም፤ ወገቡንና ጭኑን ይዳስሳል። እናንተም ዳስሱ። ያበጠው ልጅ ትከሻና ደረት ላይ ብዙ ጊዜ ሥጋ አይገኝም።

ቀጥሎ ፀጉሩ ነው። ይሳሳል፤ ጥቁረቱን ትቶ ቀላ ወይም ግራጫ ይላል፤ በሁለት ጣት ሳብ ሲደረግ ልጁን ሳያሳምም ይነቀላል። «ፀጉሩ እንደ ፈረንጅ ቀላ» ተብሎ የተሳቀበት ልጅ አጋጥሞኛል። ቆዳው ላይ፣ በተለይ ጭኑና መቀመጫው አካባቢ፣ ጥቋቁር ቦታዎች ይወጡና እንደ አሮጌ ቀለም ይላጣሉ፤ ሥር ያለው ሥጋ እንደተቃጠለ ይቆስላል። ሆዱ ይነፋል።

ፀባዩም ይለወጣል። የጤነኛ ልጅ ሥራ ምንድን ነው? መሮጥ፣ መውደቅ፣ መጮህ፣ ዶሮ ማባረር ነው። የታመመው ልጅ ያስቀመጡት ቦታ ይገኛል። አይስቅም፣ አይጫወትም፤ ሲነኩት ብቻ ይነጫነጫል፤ የሚወደውን ምግብ ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል። «ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም» የምንለውን ልጅ ደግመን እንየው። የሚከሳው ልጅ ብዙ ጊዜ ይርበዋል፣ ይለምናል፤ የሚያብጠው ግን ምግብ ይጠላል። ምግብ ስላልጠየቀ ጠግቧል ማለት አይደለም።

ከዚያ ክንዱ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የግራ ክንዱ መሐል፣ ከትከሻው ጫፍና ከክርኑ እኩል ቦታ ላይ፣ ዙሪያው ይለካል። ጥብጣቡ ሦስት ቀለም አለው። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ያለው አረንጓዴ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው ቢጫ ነው፤ ልጁ መካከለኛ እጥረት አለበት። ከ11.5 በታች ቀይ ነው፤ ከፍተኛ እጥረት ነው። ቁጥሩ በዓይናችሁ እንዲታይ፣ በእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባው ትልቁ የባትሪ ድንጋይ ዙሪያው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የልጅ ክንድ ከዚያ ብዙም ካልበለጠ አትጠብቁ። እግሩ ያበጠ ልጅ ደግሞ ክንዱ አረንጓዴ ቢያሳይም ከፍተኛ እጥረት እንዳለበት ይቆጠራል። ሁለቱንም እዩ የምላችሁ ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ በሰፈራችን ምን ይባላል? «የሰው ዓይን ነው»፣ «ቡዳ በላው»፣ «ጥርስ እያወጣ ነው»፣ «እንጥሉ ወርዷል»። ከዚያ የወተት ጥርሱ ይነቀላል፣ እንጥሉ ይቆረጣል። የእናቶችን ጭንቀት አልነቅፍም፤ ልጁ መለወጡን ያዩት እነሱ ናቸው። ነገር ግን የደከመ ልጅ ላይ በምላጭ ቁስል መጨመር ደሙንና ጊዜውን መውሰድ ነው፤ አፉ ካቆሰለው ደግሞ የነበረችውንም ጥቂት ምግብ ይተዋል።

ሌላው ስሕተት ከመልካም ልብ የሚመጣ ነው። ልጁ ተጎድቷል ሲባል አባት በግ ያርዳል፣ እናት ቅቤና ወተት በግድ ታጠጣለች። በጣም የተጎዳ ልጅ አካል ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ አይችልም፤ ልቡና ጉበቱ ደክመዋል፣ በድንገት የመጣው ምግብ ሊገድለው ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ እንኳን የሚጀምሩት በልክ በተሠራ ቀጭን ወተት፣ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እየሰጡ ነው። ለእብጠቱ ብላችሁም ሽንት የሚያስወጣ ክኒን ከመድኃኒት መደብር አትግዙ። ውኃው ምልክት ነው እንጂ ሕመሙ አይደለም።

ታዲያ ሌሊት ላይ ብታገኙት፣ መንገዱም ጨለማና ጭጋግ ቢሆን? እዚህ ላይ የቡሌን ብርድ አስቡ። የተጎዳ ልጅ ሙቀት መያዝ አይችልም፤ በብርድና በባዶ ሆድ ሌሊት ላይ ብዙ ሕፃናት ይጠፋሉ። ልብሱን አውልቃችሁ በእናቱ ወይም በአባቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ አድርጉትና በጋቢ ሸፍኑት፤ ራሱንም በቆብ። አባቶች፣ ይህ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ደረት ይሞቃል። ጡት የሚጠባ ከሆነ ሌሊቱን ይጥባ። ካልሆነ ስኳር በጥቂቱ የተጨመረበት ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ወይም ቀጭን አጥሚት በማንኪያ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ሌሊቱንም ጭምር። ሲነጋ መንገድ። ሌላም ልጨምር፤ እንዲህ ያለው ልጅ ሳንባ ምች ቢይዘውም ላያተኩስ ይችላል፣ ሰውነቱ ለማተኮስ አቅም የለውም። «ትኩሳት የለውም» ብላችሁ አትረጋጉ።

ሕክምናው በአገራችን በጤና ኬላ ደረጃ ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ክፍያ የለውም። ክንዱ ቀይ የሆነና ሌላ ሕመም የሌለው፣ የሚሰጠውን ፕላምፒነት የሚበላ ልጅ በየሳምንቱ እየተመላለሰ ቤቱ ሆኖ ይታከማል። ምግብ እምቢ ያለ፣ የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ራሱን የሳተ ወይም እብጠቱ የበዛ ግን አልጋ ይዞ መታከም አለበት። ፕላምፒነት መድኃኒት ነው። ለታላላቆቹ አይከፈልም፤ ገበያም አይወጣም። ገበያ ላይ አይቼዋለሁና ነው።

አሁን ወደ ሥራችን ልመለስ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የስዊድን መንግሥት ከአገራችን ጋር ሆኖ ለሕፃናት የሚሆን ዱቄት ሲያሠራ ስንዴን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር ቀላቅለው ስሙን «ፋፋ» አሉት። ያ ዱቄት ከፋብሪካ የወጣ ነው፤ ሐሳቡ ግን በማሳችሁ ላይ አለ። ሦስት እጅ ገብስ፣ አንድ እጅ ባቄላ ወይም አተር። ሁለቱም ይታጠቡ፣ ይቆሉ፣ ባቄላው ይከካና ይሸክሸክ፣ አብረው ይፈጩ። ገንፎው ወፈር ብሎ ከማንኪያ የማይፈስ ይሁን፤ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ይግባበት፤ እንቁላል ካለ ሲበስል ይመታበት። ልጅ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፤ ከ6 ወር በኋላ ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይቆም ምግብ ይጀመራል፤ ከ9 ወር በኋላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በራሱ ሳሕን። እናቱ ብታረግዝም ታላቁ በአንድ ቀን ከጡት አይጣል።

ስሌቱን እንሥራው። ለአንድ ልጅ በቀን 100 ግራም ዱቄት ብንል፣ ከዚያ ውስጥ ባቄላው 25 ግራም ነው። በዓመት 9 ኪሎ ይሆናል። ከአንድ ኩንታል ከአሥር አንድ እጁ እንኳን አይሞላም። ያ ልጅ ሲያብጥ የዚያ ቤት ባቄላ በኩንታል ተሽጦ ቆርቆሮ ሆኖ ነበር፤ ቅቤውም እንቁላሉም ገበያ ይወጣ ነበር። ሽጡ ብለን ያስተማርነው እኛ ነን። አሁንም አትሽጡ አልልም፤ ቆርቆሮም ያስፈልጋል። ነገር ግን የዘር ባቄላ ከመሸጣችሁ በፊት ለይታችሁ እንደምታስቀምጡት ሁሉ፣ የልጁንም 9 ኪሎ አብራችሁ ለዩ። የዘሩ ጆንያ አጠገብ ይቀመጥ፤ አይነካም ይባል። ከሳምንቱ እንቁላልም ሦስቱ ቤት ይቅር።

ከዚህ ወቅት ጀምሮ እኔ የምቆጣጠራቸው የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ለግምገማ ወደ ግቢያችሁ ሲመጡ ከማሳው ቀጥሎ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ክንድ ጠይቀው ይጽፋሉ። በቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው በጀርባው ይጻፍ ብያለሁ። እናንተም በ1 ለ 5 ያሉትን አምስት ቤቶች እንደዚሁ እዩ፤ በተለይ ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ አዲሱ እህል እስኪደርስ ባለው ጊዜ። ልጅ የታመመበትን ቤት ስታገኙ ስማቸውን በስብሰባ አትጥሩ፤ አብራችሁ ጤና ኬላ ሂዱ።

ጥያቄያችሁን ከምሳ በኋላ እሰማለሁ። አሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከበሩ ውጭ ጥብጣቡን ይዛ ቆማለች፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ትሰጣለች። ሕፃን ታቅፋችሁ የመጣችሁ እናቶች ከፊት ሁኑ። አባቶች፣ እግሩን የምትጫኑት እናንተ ናችሁ፤ እጃችሁን ታጠቡና ኑ።